የሕፃናት ዕድገት ሐኪም

«ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፤ አባቱም እንዲሁ ነበር።» ሁለት ዓመት ሞልቶት ቃል ያላወጣ ልጅ ያላት እናት ከዘመድ ከጎረቤት የምትሰማው ይህንኑ ነው። አንዳንዴ እውነት ይሆናል። እውነት መሆን አለመሆኑን መርምሮ የሚለየው ባለሙያ በእንግሊዝኛ ዴቨሎፕመንታል ፔዲያትሪሽያን ይባላል፤ በአማርኛ «የሕፃናት ዕድገት ሐኪም» ብንለው ያስኬዳል። በሕፃናት ሕክምና ከሠለጠነ በኋላ በልጆች ዕድገትና ጠባይ ላይ ተጨማሪ ዓመታት የተማረ ሐኪም ነው።

የሚያያቸው ችግሮች ኦቲዝም፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር)፣ የንግግርና የመማር ችግር የመሳሰሉት ናቸው። በጥቅል «የአንጎል ዕድገት እክሎች» ማለቱ ይሻላል፤ «የአእምሮ» ካልነው ሰው ወዲያው የአእምሮ ሕመም ይመስለዋል።

ኦቲዝምን ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራም ሆነ የራጅ ፊልም የለም። ስለዚህ ሐኪሙ ልጁ ሲጫወት ቁጭ ብሎ ያያል። ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል? የሚፈልገውን በጣቱ ይጠቁማል? እናቱ ወደምታይበት አብሮ ያያል? ስለ እርግዝናው፣ ስለ ምጡ፣ ከተወለደ በኋላ ስለታየ ቢጫነት፣ ዳዴ ስላለበት ጊዜ ይጠይቃል። ከሁሉ በፊት ግን ጆሮውን ያስመረምራል፤ የማይሰማ ልጅ ንግግር ከየት ያምጣ? ይህን ሳያጣሩ «ኦቲዝም ነው» ማለት ትልቅ በደል ነው። የሚጥል በሽታ ከተጠረጠረ ወደ ነርቭ ሐኪም ይልካል። ከዚያ በኋላ ያለው የዕለት ተዕለት ሥራ በአብዛኛው የንግግር ሕክምና ባለሙያው፣ የፊዚዮቴራፒስቱና የመምህሩ ነው፤ ሐኪሙ መንገዱን ያሳያል፣ ለውጡን ይከታተላል።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ሐኪም ብርቅ ነው። ክፍተቱን ሲሞሉ የኖሩት ወላጆች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠናም በኢትዮጵያ ተሞክሯል። ስፔሻሊስት ያልሆኑ ነገር ግን የሠለጠኑ ሰዎች እናት አባትን ቤት ውስጥ ከልጃቸው ጋር መጫወትንና መግባባትን ያስተምራሉ። ስፔሻሊስት ጠፋ ተብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም ማለት ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ይህን ዕወቁ፤ ልጃችሁ ሦስት ዓመት ካልሞላው፣ የሐኪም ማዘዣ ሳትጠብቁ የምትኖሩበትን ስቴት የቅድመ ልጅነት ድጋፍ ፕሮግራም ነፃ ምርመራ በራሳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። የሐኪሙ ቀጠሮ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪዱ።

የትም ብትኖሩ፣ ልጁ በ16 ወሩ አንድም ቃል ካልወጣው፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ካላጣመረ፣ ይልቁንም ይናገር የነበረውን ከተወ፣ «ይደርሳል» አትበሉ፤ በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ የጆሮ ምርመራም እንዲታዘዝለት ጠይቁ።