የፈረስ ስም፣ የፈረስ መልክና የፎቶግራፍ ምስክርነት፤ ስለ ጎጆና ስለ ምዕራብ ሸዋ ደጋ ፈረሶች

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ ከጊንጪ በስተ ሰሜን፣ በጀልዱ ወረዳ ውስጥ ጎጆ የምትባል የደጋ ከተማ አለች። አገሩ ብርዳማ፣ ገብስና ድንች አብቃይ፣ ውሃው ወደ ዐባይ የሚወርድ ነው። ሸንተረሩ ከፍ ያለ፣ ሸለቆው ጥልቅ ስለ ሆነ ፈረስ እስከ ዛሬ ከሰው ኑሮ አልወጣም፤ ድንች ወደ ገበያ ያደርሳል፣ እህል ወደ ወፍጮ ያመላልሳል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ በለቅሶም ላይ ይታያል። ከቅርብ ዘመን ወዲህ ደግሞ እንደዚህ ያሉት የደጋ ፈረሶች ሌላ ሥራ ተጨምሮላቸዋል፤ ይኸውም ለፎቶግራፍ መቅረብ ነው። ፎቶግራፍ ማንሣት መተዳደሪያቸው ሳይሆን ፍቅራቸው የሆነ ሰዎች በየበዓሉና በየገበያው ካሜራ ወይም ስልክ ይዘው ፈረስ ያነሣሉ፤ ካነሡትም ውስጥ የተሻለውን መርጠው ለአማተሮች ውድድር ያቀርባሉ።

የውድድር ዳኛ ሥዕሉ ያምራል ወይስ አያምርም ብሎ ይፈርዳል፤ ሥራውም ይኸው ነው። የታሪክና የባህል ተማሪ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። ይህ ፈረስ ማን ይባላል? የማን ነው? መልኩስ በባለቤቱ ቋንቋ ምን ይባላል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የማይሰጥ ፎቶግራፍ የቱንም ያህል ቢያምር ለምርምር የሚረዳው በጥቂቱ ነው። ነገሩ በማንኛውም አገር እውነት ቢሆንም በሸዋ ደጋ ግን በይበልጥ ይከብዳል፤ ምክንያቱም በዚህ አገር የፈረስ ስም የሰውን ማንነት የሚያስታውቅ ምልክት ሆኖ ስለ ኖረ ነው።

በዐፄዎቹና በመኳንንቱ ዘመን ጦረኛ በተወለደበት ስሙና በክርስትና ስሙ ላይ በፈረሱ ስም ይጠራ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ ጎበና አባ ጥጉ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል ይባሉ ነበር። «አባ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ባለቤት ማለት ነው፤ በኦሮምኛም ትርጉሙ አባትና ባለቤት ስለ ሆነ፣ በጊቤ ወንዝ አካባቢ የነበሩት ነገሥታትም አባ ባጊቦ፣ አባ ጅፋር እየተባሉ በፈረስ ስማቸው ስለ ታወቁ፣ ልማዱ የሁለቱ ሕዝቦች የጋራ ሀብት መሆኑ አያጠራጥርም። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1961 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ «ቼ በለው» በሚል ርእስ የፈረስ ስሞችን ሰብስበው ማሳተማቸው ትልቅ ውለታ ነው፤ ያ ሥራ ባይኖር ኖሮ ብዙዎቹ ስሞች ከሽማግሌዎቹ ጋራ በተቀበሩ ነበር።

ስሞቹ በሁለት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው ወገን ታጠቅ፣ ዳኘው፣ በዝብዝ እንደሚሉት ያለ ትእዛዝና ፉከራ ነው፤ ስለ ፈረሱ ገላ ምንም አይነግረንም። ሁለተኛው ግን ከፈረሱ መልክ የተወሰደ ነው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ መባላቸው ፈረሳቸው ጥቁር ስለ ነበረ ነው። በወሊሶ አካባቢ ጠላትን ያስጨነቁት አርበኛ ገረሱ ዱኪም አባ ቦራ ይባሉ ነበር። ይህ የኋለኛው ስም ሊታሰብበት ይገባል። በአማርኛ ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት እንስሳ ሲሆን፣ በኦሮምኛ ግን ስለ ጠጕር መልክ የሚነገር ቃል ነው። እንግዲህ የገረሱ ፈረስ ግንባረ ነጭ ነበረን ወይስ የገላው መልክ ነው ስሙን ያሰጠው? ክርክሩን ስም ብቻውን አይፈታውም፤ ከበስተ ኋላው በትክክል የተጻፈበት አንድ ፎቶግራፍ ግን ይፈታው ነበር።

ስም ከፈረስም ከፈረሰኛም በላይ ዕድሜ አለው። የራስ መኰንን ፈረስ ስም ቃኘው በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ለዘመተው ሻለቃ ጦር ተሰጥቶ፣ ፈረሱ ሊደርስበት ቀርቶ ሊታሰብ ወደማይችል አገር ባሕር ተሻግሯል። ወደ ጎጆ ለሚሄድ መንገደኛም ከአዲስ አበባ እንደ ወጣ ከሆለታ በፊት የሚያገኘው ታጠቅ፣ በ1969 ዓ.ም. የሚሊሽያ ጦር የሠለጠነበት ሰፈር፣ ስሙን ያገኘው ከቴዎድሮስ ፈረስ ነው። በመኪና የሚያልፈው ሰው ሁሉ ስሙን ይጠራል፤ ፈረስ መሆኑን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ስለ ፈረስ መልክ ጥንቁቆች ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ይሣላሉ፤ ጽሕፈት የማያውቅ ምእመን እንኳ ከፈረሱ መልክ ቅዱሱን ይለያል። በሥዕል ረገድ ቀለም ጌጥ ብቻ ሳይሆን ስም ነበረ ማለት ነው። ካሜራ ሲመጣ ግን ይህ ምልክት ጠፋ።

እንዴት እንደ ጠፋ በዝርዝር ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም አሮጌ ፎቶግራፍ የሚመረምር ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ምድር ከተነሡት ቀደምት ፎቶግራፎች መካከል በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ወደ መቅደላ የመጡት መሐንዲሶች ያነሧቸው ይገኛሉ። በ20ኛው ምእተ ዓመት መባቻ ደግሞ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን አዲስ አበባ ገብቶ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሥራውን ወርሰዋል። ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ዴኒ ዤራር በ1996 በኤውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 በዚያው አቆጣጠር የተነሡ ብዙ ሥዕሎች ተሰብስበዋል። በዚያ ዘመን የነበረው የመስተዋት ሰሌዳ ለሰማያዊ ብርሃን እንጂ ለቀይ የማይነቃ ስለ ነበረ፣ ሰማዩ ነጭ፣ ቀይ ነገር ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣ ነበር። ቀይንም ጭምር የሚያይ ሰሌዳና ፊልም በሰፊው የተለመደው ከ1920ዎቹ ወዲህ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ዳማ ፈረስ በአሮጌው ፎቶግራፍ ላይ ከጥቁር ፈረስ አይለይም። በሥዕሉ ላይ ጥቁር ሆኖ የታየውን ፈረስ «ሻንቆ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ማስረጃ የሌለው ነገር ይጽፋል። አምባላዩ ነጭነቱን አይለቅም፤ የግንባር ነጭም ይታያል፤ በቀይና በጥቁር መካከል ያሉት መልኮች ግን በሙሉ ተቀላቅለዋል።

ሁለተኛም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰሌዳው ተገልብጦ ከታተመ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ይሆናል። የኢትዮጵያ ፈረሰኛ ጐራዴውን የሚታጠቀው በስተ ቀኝ ነው፤ በፈረስም ላይ የሚወጣው እንደ ኤውሮፓዊው በግራ ሳይሆን በቀኝ በኩል ነበር። ጐራዴው በግራ የተንጠለጠለበት ሥዕል ሲገኝ፣ አዲስ ልማድ ተገኘ ከማለት በፊት ኅትመቱን መመርመር ይሻላል። እርካቡም እንዲሁ ብዙ ይናገራል፤ የቀድሞው እርካብ አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ጠባብ ነገር ስለ ነበረ፣ በባዶ እግር ይጋለብበት የነበረው ዘመን አልፎ ጫማ የገባበት ዘመን መቼ እንደ ጀመረ በየአገሩ ለመለየት ፎቶግራፍን የሚያህል ምስክር የለም፤ ዘመኑና ቦታው የተጻፈበት እንደ ሆነ።

ችግሩም በዚሁ ላይ ነው። በብዙዎቹ አሮጌ ሥዕሎች ሥር የራሱ ወይም የደጃዝማቹ ስም ይጻፋል፤ ፈረሱ ግን ስም የለውም፤ ልጓሙን ይዞ የቆመው ባልደራስም እንዲሁ። ሰውዬው በፈረሱ ስም የሚጠራ ሆኖ ሳለ ፈረሱ ራሱ ያለ ስም መቅረቱ የሚገርም ነው። በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ዋዜማ የተመረቀው፣ ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ያነሡትና ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰው የምኒልክ ሐውልት እንኳ በዚህ ረገድ ይበልጣል፤ የተመለከተው ሁሉ ፈረሱን «ዳኘው» ብሎ ሊጠራው ይችላልና።

እንዲህ መሆኑ ግዴታ አልነበረም። ኤድወርድ ማይብሪጅ በ1878 በኤውሮፓ አቆጣጠር፣ ማለት በሰኔ 1870 ዓ.ም.፣ በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ በተባለ ስፍራ ብዙ ካሜራዎችን በተርታ ደርድሮ፣ ፈረሱ ሲያልፍ በተዘረጋው ክር እየተነኩ እንዲያነሡ አድርጎ፣ የሚጋልብ ፈረስ አራቱም እግሮቹ ባንድ ጊዜ ከመሬት እንደሚለቁ አሳየ። ይኸውም የሚሆነው እግሮቹ ከሆዱ ሥር በተሰበሰቡ ጊዜ ነው እንጂ ሠዓሊዎች ይሥሉት እንደ ነበረው ፊትና ኋላ ተዘርግተው አይደለም። ስለዚህ ሙከራ ሁሉም ይናገራል፤ ሥዕሎቹ በታተሙበት ካርቶን ላይ ምን እንደ ተጻፈ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። በካርቶኑ ላይ ሳሊ ጋርድነር የሚለው የፈረሲቱ ስም፣ የባለቤቷ የሊላንድ ስታንፎርድ ስም፣ የሩጫዋ ፍጥነት፣ ቦታውና ቀኑ በሙሉ ተጽፈዋል። ማይብሪጅ ያነሣው «የፈረስ ግልቢያ» የሚባል ነገር ሳይሆን አንዲት የታወቀች ፈረስ ነበረች፤ ሥራው እስከ ዛሬ ለሊቃውንት የሚያገለግለውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

አሁን ወደ ጎጆ እንመለስ። ማይብሪጅ በብዙ ገንዘብና ድካም ያገኘውን ቅጽበት ዛሬ አንድ ተማሪ በኪሱ በያዘው ስልክ ያገኘዋል። ለውድድር የሚመረጠው ሥዕል ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ዐይነት ነው፤ ፈረሱ ይጋልባል፣ አቧራው ይነሣል፣ ግላሱ በቀይና በቢጫ ያብረቀርቃል። በአዊ ዞን በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚያከብረው በዓልም ካሜራው የሚከተለው ይህንኑ ነው። ይህን ማንሣት አይነቀፍም፤ የፈረሰኞቹ ኩራት እውነተኛ ነውና። ዳሩ ግን ከበዓሉ ቀን በቀር ያሉት የዓመቱ ቀናት ሁሉ ከታሪክ ይወጣሉ። ሁለት ጆንያ ድንች ተጭኖ በጭቃ አቀበት የሚወጣ፣ ጀርባው የተላጠ ፈረስ ሽልማት ሲያገኝ አይታይም፤ የጀልዱን ኑሮ የተሸከመው ግን እርሱ ነው። በመንገድ ዳር ባሉት ከተሞች ጋሪ ይጎትት የነበረው ፈረስም ቦታውን ለባጃጅ እየለቀቀ ስለ ሆነ፣ ጭነቱን፣ የጋሪውን አሠራር፣ የመታጠቂያውን ጠፍር ሳይዘገይ ማንሣት የሚያስፈልገው አሁን ነው። ለካሜራ ሲባል ብቻ ሰውየው በማይጋልብበት ስፍራ እንዲጋልብ ማዘዝ ደግሞ፣ ለፈረሱም ለፈረሰኛውም አደጋ ከመሆኑ በላይ፣ ያልነበረውን ነገር እንደ ነበረ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዳንዶቹ ሥዕሉ ጥንታዊ እንዲመስል በማለት ቀለሙን አውጥተው ጥቁርና ነጭ ያደርጉታል፤ ሌሎቹም ቀዩን ከልክ በላይ ያቀሉታል። ቦያጂያን ቀለም ያጣው መሣሪያው ስላልፈቀደለት ነው፤ የዛሬው አንሺ ግን በእጁ የገባውን ቀለም በገዛ ፈቃዱ ይጥላል። ለውድድር የሚቀርበውን እንደ ወደደ ቢያስጌጥም፣ ያልተነካውን ዋናውን ሥዕል ለይቶ ማስቀመጥ ምንም አያስወጣውም።

የዛሬ ካሜራ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመክፈቻውን ፍጥነት፣ አንዳንዱም ስፍራውን ሳይቀር በራሱ ይመዘግባል። ከማይብሪጅ ካርቶን ላይ ግማሹን መሣሪያው ጽፎልናል ማለት ነው። የቀረው ግማሽ በመጠየቅ ብቻ ይገኛል፤ ለመጠየቅም ሥዕሉ ከተነሣ በኋላ ከባለፈረሱ አጠገብ ጥቂት ደቂቃ መቆም ይበቃል። ሊቀመንበሩም ሆነ ዳኛው ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋራ የፈረሱ ስም፣ መልኩ፣ ዕድሜው፣ ሥራው፣ እንዲሁም ባለቤቱ ፈቃደኛ ከሆነ የባለቤቱ ስም ተጽፎ እንዲቀርብ ቢያዝዙ፣ ከጥቂት ዓመታት ውድድር በኋላ ለአንድ የምርምር ክፍል የሚበቃ መዝገብ ይገኝ ነበር።

መልኩ በሚጻፍበት ጊዜ ቃሉ እንደ ተነገረ መጻፍ አለበት። በጎጆ ገበያ ባለፈረሱ የሚናገረው በኦሮምኛ ነው፤ ጥቁሩን ጉራቻ፣ ግራጫውን ዳለቻ፣ ወደ ቀይ የሚያደላውን መጋላ ይለዋል፤ ፈረሱም ከዚህ የተለየ የተጸውዖ ስም ሳይኖረው በመልኩ ብቻ ይጠራ ይሆናል። አንሺው ይህን ሰምቶ «ቡናማ ፈረስ» ብሎ ቢጽፍ ስሙንም መልኩንም ባንድነት አጥፍቷል። «መጋላ» ብሎ ጽፎ፣ ዳማ ከሚባለው ጋራ አንድ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ከጎን በቅንፍ ቢያመለክት፣ ሥዕሉንም ቀለሙን ሳይነካ ቢያኖር፣ ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያነጻጽር ሰው ቃሉንና ፈረሱን ጎን ለጎን ያገኛቸዋል።