ዜና ጄምስ ፖል፣ የሕግ ፋኩልቲ ቀዳሚ ዲን

በ1956 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። የመጀመሪያው ዲን ሆነው የተሾሙትም ጄምስ ፖል የሚባሉ አሜሪካዊ ናቸው። እኚህ ሰው በአገራቸው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የፍሬድ ቪንሰን ረዳት ሆነው አገለገሉ፤ ኋላም በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አስተማሩ።

ከዚያ አስቀድሞ ጃንሆይ ለአገሩ አዲስ ሕግ እንዲጻፍ አዝዘው ነበር። የወንጀለኛ መቅጫውን ስዊሳዊው ዣን ግራቨን አርቅቀውት በ1949 ታወጀ። ፍትሐ ብሔሩንም ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ አርቅቀውት በ1952፣ ያውም በዘመነ ዮሐንስ፣ ታወጀ፤ አንቀጹም 3367 ሆነ። ረቂቁ በፈረንሳይኛ ተጽፎ ወደ አማርኛ ተመለሰ። ሕጉ በዛ፤ ሕጉን የተማረ ሰው ግን ጥቂት ነበር። አገሬው በላ ልበልሃ እያለ ሲሟገት የኖረ ነውና የሙግት ችሎታ አላጣም። የጎደለው ሌላ ነበር፤ የተፈረደው ፍርድ ታትሞ ለሁሉ ስለማይዳረስ፣ ትናንት የተበየነውን ዛሬ የሚጠቅሰው አልነበረም።

ዲኑም መምህራን ሰበሰቡ፤ የፎርድ ፋውንዴሽንም ረዳቸው። ከመምህራኑም አንዱ የፖላንድ ተወላጁ ጆርጅ ክሸቹኖቪች ነበሩ፤ ፍትሐ ብሔሩን እየተነተኑ ጻፉበት። በዚያው በ1956 የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት በአማርኛና በእንግሊዝኛ መታተም ጀመረ፤ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችንም ያወጣ ነበር። ተማሪውም ከሳሹ ምን ጠየቀ፣ ተከሳሹ ምን መለሰ፣ ዳኛው በየትኛው አንቀጽ ፈረደ እያለ የአገሩን ፍርድ መመርመር ቻለ። ዲኑ ራሳቸውም ከክሪስቶፈር ክላፋም ጋር ሆነው የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት ሰነዶች በመጽሐፍ አሰናዱ።

ጄምስ ፖል ከዲንነት ወደ አካዳሚክ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ሲያልፉ ከዬል የመጡት ኩዊንቲን ጆንስተን ተተኩ። በዚያም ጊዜ ፋኩልቲው ፍትሐ ነገሥትን፣ አባ ጳውሎስ ጻድዋ ከግእዝ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱትን፣ ፒተር ስትራውስ አርታኢ ሆነው አሳተመ። አዲሱን ሕግ ሊያስተምር የተተከለ ቤት አሮጌውን አልናቀም።

ጄምስ ፖል ወደ አገራቸው ተመልሰው በኒውርክ የራትገርስ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን ሆኑ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 አረፉ። ከሹመታቸው ሁሉ ግን የሚልቀው ፍርድ እንዲታተም ማድረጋቸው ነው፤ የታተመን ፍርድ ጠበቃ ይጠቅሰዋል፣ መምህር ይተቸዋል፣ ዳኛም የፈረደበትን ምክንያት አጥርቶ ለመጻፍ ይገደዳል። የዲንነቱ ወንበር ወደ ኢትዮጵያውያን ከተሻገረ ቆይቷል፤ መጽሔቱንም ዛሬ የሚያዘጋጁት እነርሱው ናቸው።