ከበረራ ትምህርት እስከ አቪዬሽን አማካሪነት፦ የአብራሪ የሙያ መንገድ

አብራሪነት ማብቂያው ከመነሻው የታወቀ ሙያ ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ደንብ መሠረት 65 ዓመት የሞላው አብራሪ በዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ላይ ማብረር አይፈቀድለትም። የጤና ምርመራውን ያላለፈ ደግሞ በ40 ዓመቱም ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ልጁን ለዚህ ሙያ የሚያዘጋጅ ቤተሰብ ሁለት ጥያቄዎችን አብሮ ማንሳት አለበት፦ እንዴት ይገባበታል? መሪውን ሲለቅስ በምን ይሠራል?

መግቢያው

ከፃግብጂም ይምጣ ከአዲስ አበባ፣ ለማንኛውም ወጣት መሠረቱ አንድ ነው፦ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛና ሙሉ ጤና። በኢካኦ መስፈርት የንግድ አብራሪ ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 18 ዓመትና 200 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል፤ እውቅና ባለው የተሟላ ሥልጠና ከሆነ 150 ሰዓት ይበቃል። ለከፍተኛው የአየር መንገድ አብራሪ ፈቃድ ደግሞ 21 ዓመትና 1,500 ሰዓት ይጠየቃል። በዓለም አቀፍ በረራ ለመሥራት የእንግሊዝኛ ንግግር ችሎታ ከስድስቱ ደረጃዎች ቢያንስ አራተኛውን ማሟላት አለበት።

የበረራ ትምህርት ውድ ነው። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ትምህርት ቤቱ ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ወይም ከሚገኝበት አገር ተቆጣጣሪ ፈቃድ እንዳለው ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከረዳት አብራሪነት ወደ ካፕቴንነት

ተመራቂው በረዳት አብራሪነት ይጀምራል። ለሚያበረው የአውሮፕላን ዓይነት የተለየ ሥልጠና ይወስዳል፤ ችሎታው በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ይፈተሻል። በቂ ሰዓትና ልምድ ሲያካብት ካፕቴን ይሆናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ፤ ካፕቴን ዓለማየሁ አበበ በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፕቴን ሆኑ። በ2010 ደግሞ ካፕቴን አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዱ የመጀመሪያ ሴት ካፕቴን ሆነዋል።

ካፕቴንነት ወደ አመራርም ያሻግራል። ካፕቴን መሐመድ አሕመድ ከ1980 ጀምሮ በአስቸጋሪው የደርግ ዘመን አየር መንገዱን መርተዋል። በእርሳቸው አመራር ጊዜ፣ ጁን 1 ቀን 1984 እ.ኤ.አ.፣ አዲስ የተገዛው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 12,082 ኪሎ ሜትር ያለማረፍ በርሯል። ይህ በጊዜው ለባለሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን ክብረ ወሰን ነበር።

አማካሪነት

አማካሪ የሚሸጠው ያካበተውን እውቀት ነው። ዋና ዋናዎቹ መስኮች እነዚህ ናቸው፦

• ደኅንነት፦ የአየር መንገድን አሠራር መመርመር፣ የደኅንነት አስተዳደር ሥርዓት መዘርጋት።
• ሥልጠና፦ በሲሙሌተር ማሠልጠንና መፈተን።
• የአውሮፕላንና የመስመር ምርጫ፦ ለምሳሌ ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የሞተሩ ኃይልና የክንፉ የማንሳት አቅም ይቀንሳል፤ ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ ወይም ቀለል ያለ ጭነት ያስፈልጋል። በደጋ አገር የበረረ ካፕቴን ይህን በተግባር ያውቀዋል።
• የአደጋ ምርመራ፦ ለዚህ ከበረራ ልምድ በተጨማሪ ልዩ ሥልጠና ያሻል።

ለዚህ የበረራ ሰዓት ብቻ አይበቃም። ካፕቴኑ ገና በሥራ ላይ ሳለ የአሠልጣኝነትና የመርማሪነት ኮርሶችን ቢወስድ፣ በአቪዬሽን ሕግ ወይም በአስተዳደር ቢማር፣ የበረራ መዝገቡን አሟልቶ ቢይዝና ጥርት ያለ ሪፖርት መጻፍን ቢለማመድ ጡረታው ድንገተኛ አይሆንበትም።

ከሁሉ በላይ ግን አማካሪ የሚኖረው በታማኝነቱ ነው። በ2018 በኢንዶኔዥያ፣ በ2019 በቢሾፍቱ አቅራቢያ የተከሰቱት የቦይንግ 737 ማክስ አደጋዎች 346 ሰዎችን ቀጥፈዋል፤ በቢሾፍቱው ብቻ 157 ሰዎች አልቀዋል። አውሮፕላኑን ወደ ታች የሚገፋው ሥርዓት አሠራር ለአብራሪዎች አስቀድሞ በሚገባ አልተነገረም ነበር። የተሸሸገ መረጃ ምን እንደሚያስከፍል ከዚህ በላይ ማሳያ የለም። ስለዚህ ከሻጩ ኮሚሽን እየተቀበለ ገዢውን የሚያማክር ባለሙያ ሙያውን አጉድሏል። የተሳፋሪ ነፍስ አማና ነው፤ ካፕቴኑ ዩኒፎርሙን ቢያወልቅም አማናው ከትከሻው አይወርድም።