በተበላ በኩል የሚያልፈው መንገድ

ግቢ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት የዶርም ልጆች «ከየት ነህ?» ሲሉኝ «ከተበላ» አልኳቸው። «ምን ተበላ?» አሉኝ። ትምህርታችንን እስክንጨርስ ይህ ቀልድ አልሰለቻቸውም። ይህን መጽሔት ከሚያነቡት መካከል ቢያንስ አምስቱ ዛሬም ስልክ ሲደውሉ በእሱ ነው የሚጀምሩት። ለማያውቅ ለመናገር ያህል፣ ተበላ የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ዳሞታን ወደ ኋላ ትቶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ ሰው ሃያ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ያገኛታል። ሶዶ ላይ የለበሰውን ጃኬት ተበላ ላይ ያወልቃል። ከዚያ መንገዱ ወደ አባያ ሐይቅ እየወረደ ይቀጥላል፤ አርባ ምንጭ፣ ኮንሶ፣ ያቤሎ፣ በመጨረሻም ሞያሌ።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ መንገድ፣ በተለይም ብቻቸውን በብስክሌት ተነስተው አገር አቋርጠው ስለሄዱ ሰዎች ነው። ርዕሱን የመረጥኩት ግን ዕዳ ስላለብኝ ነው።

በ1993 ዓ.ም. ግድም፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ፈረንጅ ብቻውን ብስክሌት እየነዳ በከተማችን መሀል አለፈ። እንደ ልማዳችን «ዩ! ዩ!» እያልን፣ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ እንዲሰጠን «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያልን ተከተልነው። አልቆመልንም። እኔ ድንጋይ አነሳሁና ወረወርኩ። ከኋላው የጫነው ሻንጣ ላይ አረፈ። ሰውየው ዞር ብሎ አየኝ፤ ፊቱ በላብና በአቧራ ተለውሷል፣ በጣም ደክሞታል። ምንም ሳይናገር ሄደ። አንድ የሱቅ ሰውዬ ጆሮዬን ይዘው «እንግዳ እኮ ነው! ማን አለው እዚህ?» እያሉ ጠመዘዙኝ። ሕመሙ ቶሎ ለቀቀኝ፤ ጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ አለ።

በኋላ የታሪክ ተማሪ ሆኜ የተጓዦችን ማስታወሻ ሳነብ፣ ኢትዮጵያን በብስክሌት ያቋረጡ ሰዎች ደጋግመው ሁለት ነገር እንደሚጽፉ አየሁ። አንዱ ቤቱን ከፍቶ ቡና የሚያጠጣው ሰው ነው፤ ሁለተኛው በመንገድ ዳር ድንጋይ የሚወረውረው ልጅ። እኔም በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አለሁ፤ ስሜ አልተጠቀሰም እንጂ።

ለመሆኑ ይህ ብቻን በብስክሌት ዓለምን የመዞር ነገር መቼ ተጀመረ? ቀድሞ የተሳካለት ቶማስ ስቲቨንስ የሚባል በእንግሊዝ የተወለደ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1884 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሳ። ብስክሌቱ የፊት ጎማዋ የሰው ደረት የሚደርስ፣ የኋላዋ ደግሞ ትንሽዬ የሆነች የጥንት ዓይነት ነበረች። አሜሪካን፣ አውሮፓን፣ ቱርክንና ፋርስን አልፎ በ1886 መጨረሻ ጃፓን፣ ዮኮሐማ ደረሰ። ባሕሩን በመርከብ ተሻገረው።

ከእሱ ቀጥሎ ሁሌም የምትገርመኝ አኒ ኮፕቾቭስኪ ናት፤ ዓለም የሚያውቃት አኒ ለንደንደሪ በሚለው ስም ነው። የሦስት ልጆች እናት ነበረች። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1894 ከቦስተን ተነስታ በ1895 ጉዞዋን ጨረሰች፤ ብዙውን መንገድ በመርከብና በባቡር መሄዷ ባይካድም። ታሪክ ያስተማሩን መምህሮቻችን ዓመተ ምሕረት ስናይ «በዚያው ጊዜ እኛ ጋ ምን ነበር?» ብለን እንድንጠይቅ አስለምደውናል። እንግዲህ በዚያው በ1894 መገባደጃ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም.፣ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወላይታ ላይ ዘመተ፤ ካዎ ጦናም ተማረከ። አኒ ብስክሌቷን ይዛ ባሕር ስትሻገር፣ የእኛ ቅድመ አያቶች ወይ ቆስለዋል፣ ወይ ሸሽተዋል፣ ወይ በምርኮ ከአገራቸው ተወስደዋል። እነሱም ረጅም መንገድ ሄደዋል። ጉዟቸውን ግን የመረጡት አይደለም፤ ማስታወሻም አልያዙበትም።

ብዙም ሳይቆይ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ በዚህ አካባቢ ሲያልፍ አባያ ሐይቅን አይቶ በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰየመው። በአውሮፓ ካርታዎች ላይ ሐይቃችን ለብዙ አሥርት ዓመታት በዚህ ስም ሲጠራ ኖረ። ከተበላ በታች ያለው ገበሬ ግን ይህን የሰማ አይመስለኝም። ያለፈው ሰው ጽፎ ሄደ፤ የቆየው ሰው በቀድሞው ስም ሲጠራው ኖረ። የመንገዳችን የጽሑፍ ታሪክ በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ ከአላፊው ዓይን የታየ።

ብቻውን ስለመነሳት ካነሳን አየርላንዳዊቷን ዴርቭላ መርፊን መዝለል አይቻልም። አሥር ዓመት ሲሞላት ብስክሌትና አትላስ በስጦታ አገኘች፤ ያኔውኑ በብስክሌት ሕንድ እሄዳለሁ ብላ ወሰነች። ሆኖም እናቷ በሪህ በሽታ እጅና እግራቸው ታስሮ ነበርና በ14 ዓመቷ ትምህርቷን አቋርጣ ልታስታምማቸው ቤት ዋለች። እናቷ እስኪያርፉ ድረስ ጠበቀች። የተነሳችው እ.ኤ.አ. በጥር 1963 ነው፤ ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ፣ አውሮፓ በአስከፊ ብርድ ውስጥ፣ ብስክሌቷ ሮዝ፣ ኪሷ ውስጥ ትንሽ ሽጉጥ። በዚያው ዓመት ሕንድ ገባች። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ እኛ አገር መጣች፤ የሰሜኑን ተራራ ግን ከበቅሎ ጋር ነው ያቋረጠችው። ብስክሌት የት ላይ እንደሚያበቃ የምታውቅ ሴት ነበረች።

ሌላው ጀርመናዊው ሃይንዝ ሽቱከ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ከትውልድ መንደሩ ተነስቶ ተመልሶ ለመኖር የገባው ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2014 ነው። ከ2003 ወዲህ ደግሞ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን በቡድን የሚነዱ አሉ፤ ለዓመታት አገራችንን ከሰሜን እስከ ሞያሌ ያቋርጡ ነበር።

የእኛዎቹስ? ብስክሌት ብርቃችን አይደለም። ጎማ፣ ፍሬን፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ መጥተው አማርኛ ከሆኑ ስንት ዘመናቸው! ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ሲሆን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በቡድን 9ኛ ወጡ። ገረመው በሮምም ተወዳድሯል፤ ግን ሮም የአበበ ቢቂላ ሆነችና ብስክሌቱ ተረሳ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት የመቀሌው ልጅ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ታላላቅ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ሁሉም ውድድር ናቸው፤ አሰልጣኝ አለ፣ ቡድን አለ፣ የሚከተል መኪና አለ።

ብቻውን፣ ሳይላክ፣ አገር ለማየት ብሎ የሚነሳ ሰው ለእኛ ባህል እንግዳ ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባልን ነው ያደግነው። የእኛ መንገደኛ ሲራራ ነጋዴ ነው፣ ተሳላሚ ነው፣ ለቅሶ ደራሽ ነው፤ ምክንያት አለው፣ ጓደኛ አለው። «ዝም ብዬ ልሄድ ነው» የሚል ሰው ከመጣ ወይ ተጣልቷል ወይ ጤና የለውም።

እዚህ ላይ ማለፍ የማልችለው ነገር አለ። ከወላይታ፣ ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች በዚሁ መንገድ ወርደዋል፤ ሞያሌን ተሻግረው፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን አልፈው ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ግዛት ውስጥ፣ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ታፍነው 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኙ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሰሜን ማላዊ ውስጥ የ25 ሰዎች የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተነገረ። በታኅሣሥ በዚያው ዓመት ሉሳካ ዳርቻ የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ተገኘ፤ እነሱም የአገራችን ልጆች ናቸው ተባለ።

ካርታ ዘርግታችሁ እዩት። ከካይሮ ተነስተው ኬፕታውን የሚገቡት ብስክሌተኞችና እነዚህ ልጆች ከሞያሌ በታች በአንድ አቅጣጫ ነው የሚጓዙት። አንዱ ቀን ቀን፣ በአስፋልቱ ላይ፣ ለደስታው ከፍሎ፤ ሌላው ሌሊት፣ በጫካው፣ ለደላላ ከፍሎ። ልዩነቱ ድፍረት አይደለም። እንዲያውም በድፍረት የእኛዎቹ ይበልጣሉ። ልዩነቱ ኪሳቸው ውስጥ ያለው ፓስፖርትና የየኤምባሲው በር ነው።

የአክስቴ ልጅ በ2010 ዓ.ም. ከተበላ መናኸሪያ ተሳፍሮ ሄደ። እኔ ነኝ የሸኘሁት፤ «ሞያሌ ሥራ አለ» ብሎኝ ነበር፣ ውሸቱን መሆኑን ልቤ ያውቃል። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ናይሮቢ ነኝ ብሎ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። የጊፋታ ዕለት፣ የተበተነው ሁሉ ቤቱ ሲሰበሰብ፣ አክስቴ የሱን ድርሻ ሥጋ ለብቻ ታስቀምጣለች። ማንም ምንም አይላትም።

እንግዲህ የእኔ ነገር ይኸው ነው። በሚመጣው ጊፋታ ማግስት ከተበላ ተነስቼ በብስክሌት፣ ብቻዬን፣ ናይሮቢ ልሄድ ነው። እስከ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሞያሌ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ ናይሮቢ ደግሞ 780 ገደማ። ከኬንያ ጋር ባለን የቆየ ስምምነት ለጉብኝት ቪዛ አንጠየቅም፤ ስለዚህ በቀን፣ በፊት ለፊት በር፣ ፓስፖርቴን አስመትቼ ነው የምገባው። ይህን አንድ ጊዜ ማየት እፈልጋለሁ፤ ከተበላ የተነሳ ሰው በዚህ መንገድ ሳይደበቅ ሲሄድ።

ብስክሌቷ ሐዋሳ የገዛኋት ያገለገለች ናት። ሁለት ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ፣ መንፊያ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ አንድ ጠርሙስ ዳጣ ይዣለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። «መምህር ሆነህ በብስክሌት? መኪና ጠፍቶ ነው?» ያሉኝም አሉ። አንዱ ደግሞ «ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም፤ አንደኛ ትወጣለህ» አለኝ።

የፈራሁት እናቴን ነበር። ስነግራት ቡናውን መቁላት አላቆመችም። ኋላ ላይ «ስንት ቀን ይፈጃል?» አለች። ሃያ አልኳት። «በየደረስክበት ደውል። ካልደወልክ እኔ እንደ እህቴ መሆን አልችልም» አለችኝ። ስለ ዴርቭላ መርፊ ለተማሪዎቼ ባስተማርኩ ቁጥር የማወራው ስለ ሽጉጡና ስለ ብርዱ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የማስበው እቤት ስለጠበቀችባቸው ዓመታት ነው። አክስቴ ደግሞ የልጇን ፎቶ አምጥታ ሰጠችኝ። ናይሮቢ በእግር የሚታሰስ መንደር አለመሆኑን ነገርኳት። «አውቃለሁ፤ ያዘው ግን» አለች። ደረት ኪሴ ውስጥ ይሄዳል።

ለመምህሮቻችን አንድ ልመና አለኝ። ከዚህ መንገድ በሕይወት የተመለሱ ልጆች በየቀበሌው አሉ። የመንገዱን ውሃና ጫካ፣ የደላላውን ቋንቋ፣ የሞቱትን ጓደኞቻቸውን ያውቃሉ። የታሪክ ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያጡ ወደ እነዚህ ልጆች ላኳቸው። አለበለዚያ የእኛ ዘመን የመንገድ ታሪክም እንደ ሐይቃችን በአላፊው ስም ይጻፋል።

ለባልንጀሮቼ ደግሞ ይህን እላለሁ፦ አርባ ምንጭ፣ ኮንሶ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ፣ ናይሮቢም ያላችሁ፣ ስልኬ አልተለወጠም፤ ለአንድ ሌሊት ማደሪያና ለአንድ ስኒ ቡና እንግዳ መጥቶባችኋል በሉ። በመንገዱ ዳር ልጆች ድንጋይ ቢወረውሩብኝ የማን ብድር እንደሆነ አውቃለሁ። ቆሜ ግን ስማቸውን እጠይቃቸዋለሁ፤ ያ ሰው ቢቆምና ስሜን ቢጠይቀኝ ኖሮ «ተበላ ውስጥ አንድ ልጅ» ብሎ ብቻ ባላለፈኝ ነበር እላለሁ።