የድንገተኛ ፍርሃት ሕመም፦ የመድኃኒት ሕክምናና የሰውነት ስሜቶችን መፍራት

የድንገተኛ ፍርሃት ሕመም፣ በሕክምና አጠራሩ ፓኒክ ዲስኦርደር፣ ብርቱ ፍርሃት ሳይታሰብ እየተነሣ የሚመላለስበት የአእምሮ ጤና ችግር ነው። ፍርሃቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይበረታል፤ የልብ ምት መፍጠን፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማላብ፣ ራስ ማዞርና የእጅ መደንዘዝ አብረውት ይታያሉ። ብዙ ታማሚዎች በዚያች ሰዓት የሚሞቱ ይመስላቸዋል።

ሕመሙ ሥር የሚሰደው ታማሚው ስሜቶቹን ራሳቸውን መፍራት ሲጀምር ነው። ደረጃ በመውጣት ወይም ቡና በመጠጣት ልቡ ፈጠን ቢል እንኳ እንደ አደጋ ይቆጥረዋል፤ ስጋቱም ምቱን ይበልጥ ያፋጥነዋል።

የመድኃኒቱ ጥቅም

እንደ ሴርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉ ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች የፍርሃቱን ድግግሞሽና ብርታት ይቀንሳሉ። ፍርሃቱ ሲርቅ ስሜቶቹን የመፍራት ልማድም እየላላ ይሄዳል። ለውጡ ግን የሚታየው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሲሆን፣ ሙሉ ውጤቱ እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

ጥንቃቄ የሚሹ ጊዜያት

ሕክምናው ሲጀመር፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርበትበት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊያጋጥሙ ይችላሉ። ስሜቶቹን የሚፈራ ሰው ሕመሙ የባሰበት መስሎት መድኃኒቱን ሊያቋርጥ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም በአነስተኛ መጠን ጀምሮ ቀስ በቀስ ያሳድጋል። በተለይ በወጣቶች ላይ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከታየ ሳይዘገዩ ለሐኪም ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ሕክምናው ሲያበቃ፦ ታማሚው ከተሻለው በኋላም መድኃኒቱ ቢያንስ ለ6 ወራት እንዲቀጥል ይመከራል። በድንገት ማቋረጥ ራስ ማዞርና መረበሽ ስለሚያስከትል፣ ሕመሙ የተመለሰ ሊመስል ይችላል። መጠኑ የሚቀነሰው በሐኪም ክትትል ደረጃ በደረጃ ነው።

ፈጣን ማስታገሻዎች

ዳያዜፓምና መሰሎቹ ፍርሃቱን ቶሎ ያበርዳሉ፤ ሆኖም ለረዥም ጊዜ ሲወሰዱ ጥገኝነት ያስከትላሉ። በተጨማሪም ታማሚው ስሜቱ በራሱ ጊዜ እንደሚያልፍ እንዳይማር ሊያደርጉ ይችላሉ። ከአልኮል ጋር መውሰድ አደገኛ ነው።

የሥነ ልቦና ሕክምና

በዚህ ሕክምና ታማሚው በባለሙያ እገዛ ስሜቶቹን ሆን ብሎ ይቀሰቅሳል፤ ለምሳሌ በቆመበት በመሮጥ የልቡን ምት ያፋጥናል። ይህን ደጋግሞ ሲያደርግ ስሜቱ እንደማይጎዳው ይረዳል። ይህ ትምህርት መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም አብሮት ስለሚቆይ፣ አገልግሎቱ ባለበት ሁሉ ሁለቱን ማጣመር ይጠቅማል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

ተመሳሳይ ምልክት የሚያስከትሉ የልብ፣ የእንቅርት ዕጢና የደም ማነስ ችግሮች መኖራቸው አስቀድሞ ሊመረመር ስለሚገባ፣ ተገልጋዮች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ይኖርባቸዋል። የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት፣ እርግዝናን እንዲሁም የቡና፣ የጫትና የአልኮል ልማድን ለባለሙያው መግለጽ ለትክክለኛ ሕክምና ይረዳል። አዲስ ወይም የማይለቅ የደረት ሕመም ሲያጋጥም ግን ፍርሃት ነው ብሎ ሳይገምቱ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።