ያልተጠየቀው ጥያቄ፤ በነፍሰ ጡር ሴት ላይ የሚያርፍ ዱላ በሕግና በሕክምና ታሪክ

በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ስለሚያርፍ ዱላ የጥንት ሕግጋት ዝም አላሉም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 እንደተጻፈው፣ ሰዎች ሲጣሉ ያረገዘች ሴት ገፍተው ቢያስወርዷት፣ ባልዋ የሚጠይቀውን ካሳ ዳኞች በሚፈርዱት መጠን ይከፍላሉ። በዚህ ድንጋጌ መቺው ባዕድ፣ ካሳ ጠያቂው ባል ነው። መቺው ራሱ ባልዋ ቢሆን ምን ይደረግ? ይህ ጥያቄ ቦታ አላገኘም።

በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባልን የቤተ ሰቡ የበላይ አድርጎ፣ ሚስት በሕጋዊ ትእዛዙ ሁሉ እንድትታዘዘው ደንግጎ ነበር። በቁጥር 644 ደግሞ፣ ያለ አግባብ እንዳይሠራበት ቢያስጠነቅቅም፣ የሚስቱን ጠባይ እንዲመራ ፈቅዶለታል። ይህ የበላይነት በፌዴራል ደረጃ የቀረው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት ለይቶ በመጥቀስ የሚያስቀጣ መሆኑን አረጋገጠ። ገመና ይባል የነበረው ነገር በሕግ ፊት ወንጀል ሆኖ ቆመ።

ሕክምናውም ቢሆን ከሕጉ ብዙ የቀደመ አልነበረም። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ሪቻርድ ጌልስ በእርግዝና ጊዜ ስለሚደርስ ድብደባ የጻፉት ጽሑፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በ1987 በወጣ ጥናት በሂዩስተን ከተማ ከተጠየቁት 290 ነፍሰ ጡሮች መካከል ከመቶ 8ቱ በዚያው እርግዝና መደብደባቸውን ተናገሩ። የነርስ ሞያ ምሁሯ ጁዲት ማክፋርሌንና ባልደረቦቻቸው በ1992 በሂዩስተንና በባልቲሞር 691 ሴቶችን ሲጠይቁ ደግሞ ከስድስቱ አንዷ ጥቃት ደርሶባት ተገኘች። ከተጠቁትም መካከል ክትትላቸውን እስከ መጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያዘገዩት ካልተጠቁት በእጥፍ ይበልጡ ነበር።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2005 ባሳተመው የብዙ አገሮች ጥናት ውስጥ የእኛዋ ቡታጅራ አንዷ ናት። በዚያ አርግዘው ከሚያውቁት ሴቶች መካከል ከመቶ 8ቱ በእርግዝና ጊዜ ተደብድበዋል። በጥናቱ ሥፍራዎች ከተደበደቡት ነፍሰ ጡሮች ከሩብ እስከ ግማሽ የሚደርሱት የተመቱት ሆዳቸውን ነው፤ መቺውም ከመቶ ከ90 በሚበልጠው ጊዜ የጽንሱ አባት ነበር።

ጉዳቱ በሰንበር ብቻ የሚለካ አይደለም። ሆድ ላይ የሚያርፍ ምት የእንግዴ ልጅን ያለ ጊዜው ሊያላቅቅ፣ ደም ሊያፈስ፣ ጽንስ ሊያስወርድ፣ ምጥን ሊያስቸኩል ይችላል። ፍርሃቱና ትካዜው ደግሞ እንቅልፍና ምግብ ይነሳል፣ ከወሊድም በኋላ ይከተላል።

እንግዲህ ሞያው ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ትምህርት፣ የታየው ሁሉ የታየው በመጠየቅ መሆኑን ነው። ነገር ግን አጠያየቁ ጥንቃቄ ይሻል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ነፍሰ ጡሮችን ስለዚህ ጉዳይ ለመጠየቅ የሠለጠነ ባለሞያ፣ ምስጢር የሚጠበቅበት ቦታና ተጠቂዋ የምትላክበት ረዳት አስቀድመው መዘጋጀት እንዳለባቸው አሳስቧል። ባል ወይም አማት አጠገቧ ተቀምጠው ሳለ ለምትጠየቅ ሴት ጥያቄው ራሱ ማታ ሌላ ዱላ ሊያመጣባት ይችላል። ስለዚህ ለዚህ ጥያቄ በቅድሚያ የሚያስፈልገው የሚዘጋ በርና ብቻዋን የምትቀመጥበት ጥቂት ደቂቃ ነው።