«ሱዱ»፦ የማሽኑ እንደራሴ እና ዐሥር ዓመት ያልታየ ክፍተት



ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ የየጁ አገር ናቸውና «እንደራሴ» የሚለውን ቃል ለእናንተ መፍታት አያስፈልገኝም። የየጁ መሳፍንት፣ ዳግማዊ ራስ ዓሊ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ድል እስኪሆኑ ድረስ፣ ዘውድ ሳይጭኑ በጎንደር ነገሥታት ስም አገር ገዝተዋል። ንጉሡ በስም፣ እንደራሴው በግብር። የታሪክ መምህር ሆኜ ስለ ኮምፒዩተር ለመናገር የደፈርሁት ያንኑ ጥያቄ እዚያም ስላገኘሁት ነው፦ በሌላው ስም ሥልጣን የያዘውን ወሰኑ ላይ የሚያቆመው ማን ነው?

በዩኒክስና በሊኑክስ ማሽኖች ንጉሡ «ሩት» ይባላል፤ የማይከፍተው ፋይል፣ የማይሽረው ትእዛዝ የለም። የእርሱን የይለፍ ቃል ለብዙዎች ማደል አደገኛ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ቦብ ኮግሼልና ክሊፍ ስፔንሰር በኒውዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ፣ በፋሎ፣ «ሱዱ» የተባለውን መሣሪያ ጻፉ። ማን፣ የትኛውን ትእዛዝ፣ በማን ስም መፈጸም እንደሚችል በመዝገቡ ይሰፍራል። መሣሪያው ራሱ ግን፣ ማንም ይጥራው ማን፣ የሩትን ሥልጣን ለብሶ ነው የሚነሣው። የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2011 በኮዱ ውስጥ ስሕተት ገባ። ሱዱ በሚደርሰው ጽሑፍ ውስጥ ባክስላሽ የተባለችውን ጭረት ሲያገኝ እርሷን ትቶ ቀጣዩን ፊደል ይገለብጣል። «ሱዱኤዲት» በሚለው ስሙ በተለየ አኳኋን ተጠርቶ ጽሑፉ በባክስላሽ ካበቃ ግን፣ ቀጥሎ የሚያገኘው የጽሑፉን ማብቂያ ምልክት ነው። ያንንም እንደ ተራ ፊደል ገልብጦ ያልፈዋል፤ ከተመደበለት የማስታወሻ ቦታ ውጭ መጻፉንም ይቀጥላል። ያን ትርፍ ጽሑፍ አስልቶ ያዘጋጀ ሰው፣ ስሙ በመዝገቡ ባይኖርም፣ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ሩት ይሆናል።

ኳሊስ የተባለው ኩባንያ ይህን ይፋ ያደረገው ጃንዋሪ 26 ቀን 2021 ነው። ተመራማሪዎቹ በኡቡንቱ፣ በዴቢያንና በፌዶራ ላይ ሞክረው ሠርቶላቸዋል። ኮዱ ያን ሁሉ ዘመን ማንም እንዲያነበው ክፍት ነበር፤ በእኔ ግምት እያንዳንዱ ሌላው አንብቦታል ብሎ አልፎታል።

ክፍተቱ የሚያገለግለው አስቀድሞ በማሽኑ ላይ ተራ አካውንት ላለው ሰው ነው። ብዙ ተማሪዎች በአንድ ሰርቨር በሚሠሩበት ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለው ሰው ሞልቷል፤ ከዚያው ማሽን የውጤት መዝገብ ቢቀመጥ ምን እንደሚከተል አስቡት። እርማቱ በ1.9.5ፒ2 እትም ወጥቷል። አንዳንድ የሊኑክስ ዝርያዎች የቀድሞውን ቁጥር እንደያዙ እርማቱን ብቻ ስለሚጨምሩ፣ ሰርቨር የምታስተዳድሩ በቁጥሩ ብቻ አትፍረዱ፤ የማሻሻያውን ዝርዝር አንብቡ።